የአሜሪካን ፌዴራል መንግሥት አሠራር በኮሌጅ መግቢያ ኮርስ እንዴት ማጥናት ይቻላል፦ ከሲላበሱ እስከ ፋይናሉ

በአሜሪካ ኮሌጆች «አሜሪካን ገቨርንመንት» በሚል ስም የሚሰጠው ኮርስ ነርሲንግ ሊማር የተመዘገበውንም፣ አካውንቲንግ የያዘውንም፣ ኮምፒውተር የሚያጠናውንም ተማሪ መንገድ ላይ ጠብቆ የሚይዝ ትምህርት ነው። በቴክሳስ የመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪ የሚፈልግ ተማሪ ስድስት ክሬዲት የመንግሥት ትምህርት እንዲወስድ በሕግ የተደነገገ ሲሆን፣ በሌሎች ስቴቶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከማኅበራዊ ሳይንስ ኮርሶች አንዱ ሆኖ ይመረጣል። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጡት አብዛኞቹ ተማሪዎች ፖለቲካ ሳይንስ ሊያጠኑ የመጡ አይደሉም፤ ይህ መመሪያም የተጻፈው ለእነሱ፣ በተለይም ትምህርታቸውን በአማርኛ ጀምረው በእንግሊዝኛ ለሚቀጥሉት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እኔ ይህን ኮርስ የወሰድኩት ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራሁ ቀን በምማርበት ዘመን ነበር። የመጀመሪያው ፈተና ወረቀት ሲመለስልኝ መምህሩ በኅዳጉ ላይ ሦስት ቦታ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጽፈውበት አገኘሁ፦ «በምን ሥልጣን?» የጻፍኳቸውን ዐረፍተ ነገሮች መልሼ ሳያቸው ሦስቱም «መንግሥት» በሚል ቃል የሚጀምሩ ነበሩ። መንግሥት ግብር ጨመረ፣ መንግሥት ከለከለ፣ መንግሥት ወሰነ ብዬ ነበር። በአማርኛ እንዲህ ብሎ መናገር ምንም ስሕተት የለበትም፤ «መንግሥት» ስንል አንድ አካል፣ አንድ ፈቃድ ያለው ነገር እናስባለንና። ይህ ኮርስ ግን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ የሚያስተምረው እንደዚያ ያለ አንድ አካል እንደሌለ ነው። ስለዚህ ሴሜስተሩን በሙሉ የሚያገለግል አንድ ደንብ ላስቀምጥ፦ በኖትዎ ላይ «መንግሥት» የሚለውን ቃል የዐረፍተ ነገር ባለቤት አድርገው አይጻፉ። በምትኩ ድርጊቱን የፈጸመው የትኛው አካል እንደሆነ፣ ሥልጣኑን ከየትኛው ጽሑፍ እንዳገኘና ማን ሊያስቆመው እንደሚችል ይጻፉ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ይህን ደንብ በሥራ ላይ የማዋል ልምምዶች ናቸው።

አንደኛ፦ ከመመዝገብዎ በፊትና በመጀመሪያው ሳምንት

ሲላበሱን እንደ ውል አድርገው ያንብቡት። ስንት ፈተና እንዳለ፣ ጽሑፍ ይኑር አይኑር፣ ለፋይናሉ የተሰጠው ነጥብ ምን ያህል እንደሆነ፣ ዘግይቶ የቀረበ ሥራ ይቆጠር እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ካላወቁ በስምንተኛው ሳምንት ያውቁታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ኮርሱን ያለ ቅጣት መተው የሚቻልበት ቀን ያለፈ ሊሆን ይችላል። መማሪያ መጽሐፉ ውድ ከሆነ በራይስ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ኦፐንስታክስ በነጻ የሚያቀርበው የአሜሪካ መንግሥት መማሪያ አለ፤ መምህሩ ያዘዙት ሌላ ቢሆንም እንኳ ለተጨማሪ ንባብ ይረዳል። በርዕሱ ላይ ጥሩ መሠረት ያለው ሰው «ክሌፕ» የተባለውን ፈተና አልፎ ክሬዲቱን ሊያገኝ ይችላል፤ ሆኖም ኮሌጅዎ ይቀበለው እንደሆነ የፈተናውን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ከአካዳሚክ አማካሪዎ ያረጋግጡ።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የዜግነት ፈተና አልፈው ከሆነ ኮርሱ ቀላል ይመስልዎታል። ያ ፈተና ሴናተሮች ስንት እንደሆኑ ይጠይቅዎታል፤ ይህ ኮርስ ግን 600 ሺህ ሰው የማይሞላው ዋዮሚንግ እና ከ39 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው ካሊፎርኒያ እኩል ሁለት ሁለት ሴናተር እንዲኖራቸው የተደረገው ለምን እንደሆነና ይህ በሕግ አወጣጥ ላይ ምን እንደሚያስከትል ይጠይቅዎታል።

ሁለተኛ፦ ሕገ መንግሥቱን ራሱን ያንብቡ

ብዙ ተማሪ ስለ ሕገ መንግሥቱ የተጻፈውን አንብቦ ሕገ መንግሥቱን ሳያነብ ኮርሱን ይጨርሳል። ይህ የሚገርም ነው፤ ምክንያቱም በ1787 በፊላደልፊያ የተፈረመው ጽሑፍ ማሻሻያዎቹን ሳይጨምር ወደ 4,500 ቃላት ገደማ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት 106 አንቀጾች ሲኖሩት የአሜሪካው ሰባት ብቻ አሉት፤ በኋላ የተጨመሩት ማሻሻያዎች ደግሞ 27 ናቸው። በወረቀት አትመው በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሊጨርሱት ይችላሉ። ስልክ ላይ አያንብቡት፤ እርሳስ ይዞ ማንበብ ያስፈልጋል።

ሲያነቡ በመጀመሪያ ርዝመቱን ይመልከቱ። ስለ ኮንግረስ የሚናገረው አንደኛው አንቀጽ ከዋናው ጽሑፍ ግማሽ ያህሉን ይዟል፤ ስለ ፕሬዚዳንቱ የሚናገረው ሁለተኛው አጭር ነው፤ ስለ ፍርድ ቤቶች የሚናገረው ሦስተኛው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ይህ ልዩነት ብቻውን አርቃቂዎቹ ዋናው ሥልጣን የሚኖረው የት እንደሆነ ምን ያስቡ እንደነበር ይናገራል፤ በዛሬው ዜና ላይ ፕሬዚዳንቱ የሚይዘውን ስፍራ ከዚህ ጋር ሲያነጻጽሩት ደግሞ የኮርሱ አንድ ትልቅ ጥያቄ ወለል ብሎ ይታያል።

ቀጥለው የሦስቱን አንቀጾች መክፈቻ ዐረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ይጻፏቸው። አንደኛው አንቀጽ «በዚህ ውስጥ የተሰጡ የሕግ አውጪነት ሥልጣኖች ሁሉ» ለኮንግረስ እንዲሆኑ ይላል። ሁለተኛው አንቀጽ ግን የአስፈጻሚነት ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ ይሆናል ብቻ ይላል፤ «በዚህ ውስጥ የተሰጡ» የሚለው ሐረግ የለበትም። ፕሬዚዳንቱ በጽሑፍ ከተዘረዘረው ሌላ ሥልጣን አለው ወይስ የለውም የሚለው ክርክር ከሕገ መንግሥቱ ፈራሚዎች አንዱ ከሆነው ከአሌክሳንደር ሃሚልተን ዘመን ጀምሮ በዚህች በጎደለች ሐረግ ዙሪያ ሲሽከረከር ኖሯል። በአማርኛ ሰምና ወርቅ ሲፈታ ያደገ አንባቢ ለእንዲህ ዓይነቱ ንባብ እንግዳ አይደለም፤ አንድ ቃል ባለበትና በሌለበት ቦታ ትርጉሙ እንደሚለወጥ ያውቃል።

በሦስተኛው ዙር አንደኛ አንቀጽ ክፍል 8ን ይያዙ። የኮንግረስ ሥልጣኖች በ18 ንዑስ ክፍሎች የተዘረዘሩት እዚያ ነው። ሁሉንም መሸምደድ አያስፈልግም። ግብር መጣልን፣ በስቴቶች መካከል የሚደረግ ንግድን መቆጣጠርን፣ ጦርነት ማወጅንና በመጨረሻ ላይ ያለውን «አስፈላጊና ተገቢ» የሆኑ ሕጎችን የማውጣት ሥልጣን በትክክል ይወቁ። ከእነዚህ አራቱ ውጪ በፈተና ላይ የሚመጣው ጥቂት ነው።

ከዚህ በኋላ በ1787 እና በ1788 ሃሚልተን፣ ጄምስ ማዲሰንና ጆን ጄይ ሕገ መንግሥቱ እንዲጸድቅ ለመሟገት «ፐብሊየስ» በሚል የብዕር ስም ከጻፏቸው 85 የፌዴራሊስት ጽሑፎች ውስጥ 10ኛውን፣ 51ኛውንና 78ኛውን ያንብቡ። መምህራን የሚያዝዙት በአብዛኛው እነዚህን ነው። እንግሊዝኛው ከባድ ስለሆነ አንዱን አንቀጽ አንብበው ሳይመለከቱ በአማርኛ በሁለት መስመር ይጻፉት፤ መጻፍ ካቃተዎት አልገባዎትም ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ የሚያሳስቱ ቃላት ደብተር ይክፈቱ

በዚህ ኮርስ የሚከብዱት አዲስ ቃላት አይደሉም፤ የምናውቃቸው የሚመስሉን ናቸው። «ስቴት» የሚለው ቃል ቨርጂኒያን ወይም ሚኒሶታን ሊያመለክት ይችላል፤ በፖለቲካ ሳይንስ ንድፈ ሐሳብ ውስጥ ደግሞ አገረ መንግሥትን ያመለክታል፤ «ስቴት ዲፓርትመንት» ሲባል እኛ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የምንለው ነው። «ሴክሬታሪ» ጸሐፊ ሳይሆን የፌዴራል መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ፣ በእኛ አነጋገር ሚኒስትር ነው፤ ነገር ግን እንደ እኛ ሚኒስትር የምክር ቤት አባል ሊሆን አይችልም፤ ሕገ መንግሥቱ በግልጽ ይከለክላልና። «ፌዴራል» ሲባልም አብዛኞቻችን ቀድሞ የሚመጣልን ፖሊሱ ነው፤ እዚህ ቃሉ የማዕከሉን ሥልጣን ከስቴቶቹ ለይቶ የሚጠራ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የተደበቀ ንጽጽር ነው። በኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከምክር ቤቱ ውስጥ ስለሆነ በምክር ቤቱ አብላጫ ያለው ወገን አስፈጻሚውንም ይይዛል። በአሜሪካ ፕሬዚዳንቱና ኮንግረስ ለየብቻ ስለሚመረጡ ከሁለት ተፃራሪ ፓርቲዎች መሆናቸው የተለመደ ነገር ነው። ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣንም በኢትዮጵያ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ በአሜሪካ ግን የፍርድ ቤቶች ሲሆን፣ ይህም በ1803 ማርበሪ በማዲሰን ላይ ባቀረበው ክስ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የጸና እንጂ በሦስተኛው አንቀጽ በግልጽ የተጻፈ አይደለም። በደብተርዎ ላይ ቃሉን፣ የአማርኛ ፍቺውንና «ከእኛ የሚለይበት» የሚል ሦስተኛ ረድፍ ያኑሩ። እኔ ይህን ሦስተኛ ረድፍ የጨመርኩት ከሚድተርሙ በኋላ ነበር፤ ቀደም ብዬ ባደርገው ኖሮ ብዙ ነጥብ ባልጣልኩ ነበር።

አራተኛ፦ ኮንግረስን በአንድ ወረቀት ላይ ይከተሉ

«ረቂቅ እንዴት ሕግ ይሆናል» የሚለው ሥዕል በሁሉም መጽሐፍ ላይ አለ፤ ሥዕሉን መሸምደድ ግን ብዙ አያስተምርም። በውጭ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለዚህ ምዕራፍ ከማንም የተሻለ ምሳሌ በእጃችን አለን። ኤፕሪል 10 ቀን 2018 ከኮንግረስ ሁለት ምክር ቤቶች አንዱ የሆነው የተወካዮች ምክር ቤት ስለ ኢትዮጵያ የሰብአዊ መብት ሁኔታ ያጸደቀው ጽሑፍ በአማርኛ መገናኛ ብዙኃን «ኤችአር 128» ተብሎ ይጠራ ነበር፤ «ሕጉ ጸደቀ» እየተባለም ሲወራ ሰምተናል። በ2022 ደግሞ «ኤችአር 6600» የተባለው መጣ፤ ደጋፊዎቹም ተቃዋሚዎቹም ለተወካዮቻቸው ስልክ ሲደውሉና ሰልፍ ሲወጡ ከረሙ።

ሁለቱ ቁጥሮች ተመሳሳይ ይመስላሉ እንጂ በዓይነታቸው የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ትክክለኛ መጠሪያው «ኤች ሬዝ 128» ነው፤ ይኸውም የአንድ ምክር ቤት የውሳኔ ሐሳብ ማለት ነው። የምክር ቤቱን አቋም ይገልጻል፤ ወደ ሴኔት አይሄድም፤ ፕሬዚዳንቱ አይፈርመውም፤ የሕግ ኃይልም የለውም። ሁለተኛው ግን ረቂቅ ሕግ ነበር። ሕግ እንዲሆን ከተፈለገ ኮሚቴ አልፎ፣ በተወካዮች ምክር ቤት ጸድቆ፣ በሴኔትም በተመሳሳይ ቃል ጸድቆ፣ ለፕሬዚዳንቱ መቅረብ ነበረበት። ከዚያ ሁሉ አልደረሰም፤ የ117ኛው ኮንግረስ ዘመን በጃንዋሪ 2023 ሲያበቃ ያላለቀ ረቂቅ ሁሉ አብሮ ስለሚሞት እሱም በዚያው ቀረ። በሴኔት በኩል «ኤስ 3199» በሚል ቁጥር የቀረበው ረቂቅም ዕጣው ተመሳሳይ ነበር።

የእርስዎ ልምምድ እንዲህ ይሁን። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሚያስተዳድረውን ኮንግረስ ዶት ጎቭ የተባለ ድረ ገጽ ይክፈቱና የሚያሳስብዎትን አንድ ረቂቅ፣ የኢሚግሬሽንም ይሁን የትምህርት ብድር፣ ይምረጡ። «አክሽንስ» የሚለውን ክፍል ከፍተው ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ምን እንደተደረገበት በደብተርዎ ይገልብጡ። ወደ የትኛው ኮሚቴ ተመራ? ኮሚቴው ተወያየበት ወይስ ዝም አለው? አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩ «ወደ ኮሚቴ ተመራ» በሚለው መስመር ላይ ያበቃል። በቅርብ ዓመታት በአንድ የሁለት ዓመት የኮንግረስ ዘመን ከ10,000 በላይ ረቂቆች ሲቀርቡ ሕግ የሚሆኑት ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው፤ ኮሚቴ ያለውን ኃይል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም።

በሴኔት በኩል ደግሞ ፊሊበስተርን፣ ማለትም ክርክርን በማራዘም ድምፅ እንዳይሰጥ ማገድን፣ በትክክል ይወቁ፤ ተማሪ ሁሉ ይሳሳትበታልና። 60 ድምፅ የሚያስፈልገው ረቂቁን ለማጽደቅ ሳይሆን ክርክሩን ለመዝጋት ነው። ክርክሩ ከተዘጋ በኋላ ማጽደቂያው ተራ አብላጫ ድምፅ ነው። ደንቡም በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም፤ ሴኔቱ ለራሱ ያወጣው ነው፤ በ2013 እና በ2017 ለሹመቶች የቀረው በዚሁ ምክንያት ሴኔቱ ራሱ ሊለውጠው ስለቻለ ነው።

አምስተኛ፦ ፕሬዚዳንቱንና መሥሪያ ቤቶቹን በዲቪ ምሳሌ ያጥኑ

የፕሬዚዳንቱ ምዕራፍ በዝርዝር ሥራዎች የተሞላ ስለሆነ ያደክማል። በዝርዝሩ ፈንታ ሁላችንም የምናውቀውን የዲቪ ሎተሪ ይውሰዱና ሥልጣን ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ይከታተሉት። ፕሮግራሙን የፈጠረው ኮንግረስ በ1990 ያወጣው፣ ጆርጅ ኤች ደብሊው ቡሽ የፈረሙበት የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። በየዓመቱ 55,000 ቪዛ እንዲሰጥ የወሰነው፣ በአምስት ዓመት ከ50,000 በላይ ስደተኛ የላከ አገር እንዳይካተት ያደረገው ይኸው ሕግ ነው። ማመልከቻውን የሚቀበለው፣ ዕጣውን የሚያወጣውና ቃለ መጠይቅ የሚያደርገው ግን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ይህም በአስፈጻሚው ሥር ነው። ዕጣ የወጣለት ሁሉ ቪዛ የማያገኘው፣ የበጀት ዓመቱ ሴፕቴምበር 30 ሲዘጋ ተስፋው የሚቆረጠው በሕጉ ላይ በተቀመጠው ገደብ ምክንያት እንጂ በቆንስላው ጭካኔ ብቻ አይደለም።

በ2020 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የኮሮና ወረርሽኝን ተከትለው ብዙ ስደተኞች እንዳይገቡ በአዋጅ ሲያግዱ የዲቪ ዕድለኞችም ተካተቱ። ለአዋጁ መሠረት የሆነው ኮንግረስ ራሱ ቀደም ሲል ለፕሬዚዳንቱ የሰጠው የመከልከል ሥልጣን ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2018 በአንዳንድ አገሮች ዜጎች ላይ የተጣለውን የጉዞ እገዳ ጉዳይ 5 ለ 4 ሲወስን ይህን ሥልጣን ሰፋ አድርጎ ተርጉሞታል። ዕድለኞቹ በዋሽንግተን ዲሲ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ዳኛው አዋጁ መግባትን ቢያግድም መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻ ማስተናገዱን እንዲያቆም ምክንያት አይሆንም ብለው ቪዛ ከቀነ ገደቡ በኋላም እንዲጠበቅ አዘዙ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በ2024 ኮንግረስ ያስቀመጠውን ቀነ ገደብ ፍርድ ቤት ሊያራዝም አይችልም ሲል ተመሳሳይ ትእዛዞችን ሻረ። በዚህ አንድ ታሪክ ውስጥ ሕግ አውጪው፣ ፕሬዚዳንቱ፣ መሥሪያ ቤቱና ሁለት ደረጃ ፍርድ ቤቶች አሉ። በደብተርዎ ላይ ለእያንዳንዱ እርምጃ «ማን፣ በምን ሥልጣን፣ ማን አስቆመው» ብለው ይሙሉ።

ከዚህ ጋር የ1952ቱን የብረት ፋብሪካዎች ጉዳይ ያጣምሩ። ፕሬዚዳንት ትሩማን በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ፋብሪካዎቹ በሥራ ማቆም አድማ እንዳይዘጉ በትእዛዝ ሲወስዷቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ከልክሏቸዋል። ዳኛ ሮበርት ጃክሰን በዚያ ጉዳይ የጻፉት ሐሳብ የፕሬዚዳንቱን ሥልጣን በሦስት ደረጃ ይከፍላል፤ ኮንግረስ ሲፈቅድለት ሥልጣኑ ከፍተኛ፣ ኮንግረስ ዝም ሲል አጠራጣሪ፣ ኮንግረስ ሲቃወም ዝቅተኛ ነው። ስለ ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ የሚቀርብ ማናቸውም የጽሑፍ ጥያቄ በዚህ መለኪያ ሊመለስ ይችላል።

ስድስተኛ፦ የፍርድ ቤት ውሳኔ ማንበብን ይልመዱ

ብዙ መምህራን ጥቂት ውሳኔዎችን አሳጥረው እንዲያቀርቡ ያዝዛሉ። ለዚህ የአማርኛ የሕግ ቋንቋ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ በአገራችን ችሎት የሚሠራባቸውን ቃላት እንዳሉ ይጠቀሙባቸው፦ ፍሬ ነገር፣ ጭብጥ፣ ውሳኔ፣ ሐተታ፣ የሐሳብ ልዩነት። አንድ ውሳኔ ከአንድ ገጽ በላይ አይውሰድብዎ።

በአንድ ጉዳይ ላሳይ። በኬንያ የተወለደ፣ የብሪታንያ ፓስፖርት የያዘ ቻድሃ የተባለ ተማሪ በ1966 በተማሪ ቪዛ አሜሪካ ገባ፤ ቪዛው በ1972 አበቃ። በ1974 የኢሚግሬሽን ዳኛ ከአገር መባረሩ እንዲታገድ ወሰነለት። በዚያን ጊዜ የነበረው ሕግ ግን ከሁለቱ ምክር ቤቶች አንዱ ብቻውን እንዲህ ያለውን ውሳኔ መሻር ይችላል ይል ነበር፤ በዲሴምበር 1975 የተወካዮች ምክር ቤት ሳይከራከርና ስም ጠርቶ ድምፅ ሳይሰጥ የቻድሃንና የአምስት ሌሎች ሰዎችን ዕገዳ ሻረ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ጭብጡ አንድ ምክር ቤት ብቻውን፣ ያለ ሌላው ምክር ቤትና ያለ ፕሬዚዳንቱ፣ የሰዎችን መብት የሚለውጥ እርምጃ መውሰድ ይችላል ወይ የሚል ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 1983 በ7 ለ 2 ድምፅ አይችልም ብሎ ወሰነ። ሐተታው የሚያርፈው በአንደኛው አንቀጽ ክፍል 7 ላይ ነው፤ የሕግ ኃይል ያለው እርምጃ ሁለቱን ምክር ቤቶች አልፎ ለፕሬዚዳንቱ መቅረብ አለበት። ዳኛ ዋይት በልዩነት ሐሳባቸው ይህ ዓይነቱ ሥልጣን ወደ 200 በሚጠጉ ሕጎች ውስጥ እንደሚገኝና ኮንግረስ ለመሥሪያ ቤቶች የሰጠውን ሰፊ ሥልጣን የሚቆጣጠርበት መንገድ እንደነበር ጽፈዋል።

አሁን ሁለት ነገር ያስተውሉ። በመጀመሪያ፣ «የኢሚግሬሽን ዳኛ» የሚባለው በሦስተኛው አንቀጽ የተቋቋመ ዳኛ አይደለም፤ በአስፈጻሚው፣ በፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ሥር ያለ ሠራተኛ ነው። በፈተና ላይ «ይህን የወሰነው የትኛው የመንግሥት ክንፍ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ስሙ እንዳያሳስትዎት። ሁለተኛ፣ ከ«ኤች ሬዝ 128» ጋር ያገናኙት፤ አንድ ምክር ቤት ብቻውን የሚያጸድቀው ነገር ሕግ የማይሆንበት ምክንያት ቻድሃን ካዳነው ምክንያት ጋር አንድ ነው። እንዲህ ያለ ማገናኛ በጽሑፍ ፈተና ላይ ካነሡ መምህሩ ምዕራፎቹን ለየብቻ እንዳልሸመደዱ ያያሉ።

ሰባተኛ፦ ፌዴራሊዝምና መብቶች

ይህን ክፍል በሁለት ሰንሰለት ይያዙት። አንደኛው የንግድ ሥልጣን ሰንሰለት ነው። በ1942 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ የኦሃዮ ገበሬ በእርሻው ላይ ለራሱ የሚጠቀምበትን ስንዴ ሲያመርት እንኳ በስቴቶች መካከል ያለውን ንግድ ይነካል በማለት የኮንግረስን ሥልጣን አሰፋ፤ በ1995 ደግሞ በትምህርት ቤት አካባቢ መሣሪያ መያዝ ንግድ አይደለም ብሎ 5 ለ 4 ገደበው። ሁለተኛው የ14ኛው ማሻሻያ ሰንሰለት ነው። መጀመሪያ በአሥሩ የፊተኛ ማሻሻያዎች የሰፈሩት የመብት ድንጋጌዎች የሚያስሩት የፌዴራሉን አካል ብቻ ነበር፤ ከ1868ቱ 14ኛ ማሻሻያ በኋላ ግን ፍርድ ቤቶች አንድ በአንድ በስቴቶችም ላይ አዋሏቸው። ለምሳሌ ጠበቃ ማቆም የማይችል ተከሳሽ በከባድ ወንጀል ሲከሰስ ስቴቱ ጠበቃ እንዲያቆምለት የተወሰነው በ1963 በጊዲየን ጉዳይ ነው። የቀሩትን በዚህ መልክ በሰንሰለቱ ላይ ይስቀሏቸው።

ስምንተኛ፦ ምርጫ፣ ፓርቲና የሕዝብ አስተያየት

እዚህ የሚፈተኑት በአብዛኛው ሠንጠረዥና ግራፍ በማንበብ ስለሆነ መጀመሪያ ርዕሱን፣ ቀጥሎ የጥናቱን ዓመት፣ ከዚያ የተጠየቀውን የሕዝብ ክፍል ይመልከቱ፤ «የተመዘገቡ መራጮች» እና «ዐዋቂዎች ሁሉ» አንድ አይደሉም። ኤሌክቶራል ኮሌጅን፣ ማለትም ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡትን የስቴቶች ወኪል መራጮች፣ ግን በስሌት ያስታውሱት፦ 435 ተወካዮች፣ 100 ሴናተሮችና ለዲሲ በ23ኛው ማሻሻያ የተሰጡ 3 ሲደመሩ 538 ይሆናሉ፤ አብላጫው 270 ነው። በ2000 እና በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ ያነሰ ድምፅ ያገኘው ዕጩ ያሸነፈበት ምክንያት ከዚህ ስሌትና ከሜይንና ኔብራስካ በስተቀር ስቴቶች የኤሌክቶራል ድምፃቸውን ሁሉ በስቴቱ ላሸነፈው ዕጩ የሚሰጡ ከመሆናቸው የመጣ ነው።

ዘጠነኛ፦ የሳምንቱ ሥራና ፈተናው

ሥራ ላይ ሆኖ ለሚማር ሰው ከክፍሉ ሌላ በሳምንት ስድስት ሰዓት ገደማ ቢመድብ ይበቃዋል፤ ግን በአንድ እሑድ ሳይሆን ተከፋፍሎ ይሁን። ከክፍል በፊት የምዕራፉን ንዑስ ርዕሶች ወደ ጥያቄ ቀይረው ይጻፉ፤ ከክፍል በኋላ በዚያው ቀን መልሳቸውን ያለ መጽሐፍ ይሞክሩ። ሌሊት የሚሠራ ሰው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ክርክር ድምፅ በስልኩ ማዳመጥ ይችላል፤ ዳኞቹ ጠበቆችን ሲያፋጥጡ መስማት ከሐተታው በፊት ጭብጡን ያስጨብጣል።

ፕሮፌሰሩን በቢሮ ሰዓታቸው ማነጋገር እንደ ማስቸገር ይቆጠራል ብለን ብዙዎቻችን እንርቃለን። እሳቸው ግን ለዚሁ ተብለው ይቀመጣሉ፤ ማንም ሳይመጣ ሰዓቱ የሚያልፍበት ሳምንት ብዙ ነው። «አልገባኝም» ብለው አይግቡ፤ የጻፉትን አንድ አንቀጽ ይዘው ገብተው «ሥልጣኑን በትክክል አስቀምጫለሁ?» ብለው ይጠይቁ።

በምርጫ ጥያቄዎች ላይ «ብቻ» እና «ሁልጊዜ» የሚሉ ቃላት ያሉባቸውን አማራጮች ይጠራጠሩ፤ በዚህ ሥርዓት ውስጥ አንድ አካል ብቻውን የሚያደርገው ነገር ጥቂት ነውና። ከጥቂቶቹ አንዱ ፕሬዚዳንቱ በፌዴራል ወንጀል ላይ የሚያደርገው ምሕረት ነው፤ እሱም ቢሆን በኮንግረስ ከሥልጣን ለማስወገድ የሚቀርብ ክስን አይነካም። በጽሑፍ ጥያቄ ላይ መልስዎን በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይስጡ። በአማርኛ ድርሰት ከሩቅ ተነሥቶ ወደ ነገሩ መድረስ ያስመሰግናል፤ እዚህ ግን አንባቢው መልሱን አስቀድሞ አግኝቶ ማስረጃውን ከኋላው ይጠብቃል።

ከፋይናሉ አንድ ቀን ቀደም ብሎ አንድ ባዶ ትልቅ ወረቀት ይውሰዱ። በላይኛው ጥግ ላይ ኮንግረስን፣ በሌላው ፕሬዚዳንቱን፣ በታች ፍርድ ቤቶችን፣ በጎን ስቴቶችንና መራጩን ይጻፉ፤ ከዚያ ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስት እየሳቡ በእያንዳንዱ ቀስት ላይ የማስቆሚያውን ስምና አንቀጹን ይሙሉ፤ ለምሳሌ ከፕሬዚዳንቱ ወደ ኮንግረስ «ቬቶ፣ አንደኛ አንቀጽ ክፍል 7»፣ መልሶ ከኮንግረስ ወደ ፕሬዚዳንቱ «በሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መሻር»። ስም የሌለው ቀስት ካለ ያን ምሽት መከለስ ያለብዎት ምዕራፍ የትኛው እንደሆነ ያሳይዎታል፤ ሁሉም ከተሞሉ ወረቀቱን አጥፈው ይተኙ።